አዲስ ፈጠራ ወይስ አዲስ ስያሜ?
በፖሊመር ስለሚዘጋጁ የፀረ ተባይ ውህዶችና ስለ ፓተንት መብታቸው

የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ ከውጭ አገር ላኪው በሚደርሰው ደብዳቤ ላይ «ይህ ዕቃ በፓተንት የተጠበቀ ነው» የሚል ቃል ማንበቡ የተለመደ ነው። ይህን ቃል ተከትሎ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ከእኛ በቀር ከሌላ ብትገዛ በሕግ ትጠየቃለህ» የሚል፣ አንዳንድ ጊዜ በግልጽ፣ አንዳንድ ጊዜም በለዘበ አነጋገር የሚቀርብ ማስጠንቀቂያ ነው። በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ተባይ ገዳይ ንጥረ ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ «የቆየው ነገር እንዴት እንደ ገና አዲስ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በንጥረ ነገሩ ላይ ሳይሆን ንጥረ ነገሩ በሚሟሟበት፣ በሚበተንበትና በሚሸፈንበት አሠራር ላይ ነው።

ነገሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንትና የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚከራከሩበት ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ኪሳራው ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነው። መብቱ የጸናውን ዕቃ ያለ ፈቃድ የነገደ ሰው ዕቃው ሊታገድበት ይችላል፤ መብት የሌለበትን ዕቃ እንደ ተጠበቀ ቈጥሮ የገዛ ሰውም የማይገባ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ በፖሊመር የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ውህድ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ፈጠራዎች በምን ሲለይ ፓተንት እንደሚገባው፣ በምን ምክንያትም እንደሚከለከል፣ በእርግጥ የተፈጸሙ ጉዳዮችን ምሳሌ አድርገን ከዚህ በታች እንገልጻለን። ከዓመተ ምሕረት በፊት «እ.ኤ.አ.» ብለን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሆነውን ነው።

የውህዱ ጠባይ

ብዙዎቹ ፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮች በውሃ አይሟሙም፤ ገበሬው ግን የሚረጨው በውሃ በጥብጦ ነው። ዘይትና ውሃ በአንድ ጠርሙስ ቢናጡ ለጥቂት ጊዜ ተቀላቅለው ወዲያው እንደሚለያዩ በየቤቱ የታወቀ ነው። በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው ሦስተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ሳሙና፣ ሲጨመር ግን ዘይቱ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ በውሃው ውስጥ ተበትኖ ይቆያል፤ ፈሳሹም ወተት ይመስላል። ወተትም ራሱ ቅባት በውሃ ውስጥ የተበተነበት ፈሳሽ ነው። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ኢመልሽን ይባላል፤ አስታራቂውን ነገር ደግሞ በዚህ ጽሑፍ አዋሃጅ እንለዋለን።

አሠራሩ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካን አገር ነጭ ጋዝ በሳሙናና በውሃ ተንጦ በዛፍ ተባዮች ላይ ይረጭ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ንጥረ ነገሩን ከነዳጅ ዘይት በሚገኝ አሟሚ ውስጥ ከአዋሃጅ ጋር አሟሙቶ መሸጥ በየአገሩ ተስፋፋ። ይህ ዓይነቱ ዕቃ በርካሽ የሚሠራ ቢሆንም ጉድለት አለበት፤ አሟሚው በእሳት ይያያዛል፣ ይሸታል፣ መድኃኒቱ በሰው ቆዳ ዘልቆ እንዲገባ ይረዳል፣ አንዳንድ ጊዜም የተክሉን ቅጠል ይለበልባል።

ፖሊመር የገባው ይህን ጉድለት ለማቃለል ነው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ሞለኪዩሎች በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተቀጣጥለው የሚያስገኙት ረዥም ሞለኪዩል ሲሆን፣ በፀረ ተባይ ውህድ ውስጥ በተለይ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። በአንደኛው ወገን፣ እንደ ፖሊቪኒል አልኮሆል ያሉት በውሃው ውስጥ ሟሙተው እያንዳንዱን ነጠብጣብ በመክበብ ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ ተጋጥመው እንዳይዋሐዱ ይከላከላሉ። በሁለተኛው ወገን ደግሞ ፖሊመሩ በነጠብጣቡ ዙሪያ ጠንካራ ቅርፊት ይሆንና መድኃኒቱን በረቂቅ እንክብል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ይወጣል። በዚህ መስክ የወጡት ፓተንቶች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ አመልካች ከእርሱ በፊት ከነበሩት ብዙ ሰነዶች ጋር መፎካከር ይኖርበታል።

ሕጉ የሚጠይቀው

ፓተንት በመንግሥትና በፈጣሪው መካከል እንደ ተደረገ ውል ሊቈጠር ይችላል። ፈጣሪው የሥራውን ምስጢር ለሕዝብ ይገልጻል፤ መንግሥትም በምላሹ ለተወሰነ ዘመን የብቻ ተጠቃሚነት መብት ይሰጠዋል። ምስጢሩ አስቀድሞ ለሕዝብ የተገለጠ ከሆነ ግን መንግሥት ምንም ሳይቀበል የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የብዙ አገሮች ሕግ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሥራው አዲስ እንዲሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት እንዲኖረው፣ በኢንዱስትሪም እንዲያገለግል።

አዲስ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። በአንድ ቀደምት ሰነድ ውስጥ የውህዱ ክፍሎች ሁሉ በአንድነት ተጽፈው ከተገኙ ሥራው አዲስ አይደለም። አመልካቹ ግን አንዱን አዋሃጅ በሌላ ቢተካ፣ ወይም የፖሊመሩን መጠን ጥቂት ከፍ ቢያደርግ፣ «አዲስ» የሚለውን በር በቀላሉ ያልፋል። ዋናው ክርክር የሚነሣው በሁለተኛው በር ላይ ነው፤ ይኸውም በሙያው ተራ ዕውቀት ያለው ሰው የቀደሙትን ሥራዎች አንብቦ ይህን ነገር ያለ ችግር ሊደርስበት ይችል ነበር ወይ? የሚለው ነው።

በቤታችን ምሳሌ እንግለጸው። ጠጅ የምትጥል ባለሙያ ጌሾውን ብታበዛና ጠጁ ቢመርር ማንም ፈጠራ ነው አይላትም፤ ጌሾ ሲበዛ ጠጅ መምረሩ የታወቀ ነውና። የተጠቀመችበት ልክ በሌላ ቤት ያልተሞከረ መሆኑም አያድናትም። ነገር ግን ማንም ከጠጅ ጋር አዛምዶት የማያውቀውን ተራ ቅጠል ጨምራ ጠጁ ሳይኮመጥጥ ዓመት ቢሰነብት፣ ቅጠሉ የታወቀ ቢሆንም ውጤቱ ያልተጠበቀ ስለ ሆነ ሥራዋ ፈጠራ ሊባል ይገባዋል።

ሁለት የእንክብል ፓተንቶች

ይህ መመሪያ በፀረ ተባይ ውህድ ላይ እንዴት እንደ ሠራ የሚያሳዩ ሁለት የአሜሪካ ፓተንቶች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1971 ለፔንዎልት ኩባንያ የተሰጠው ቁጥር 3,577,515 ነው። በዚህ አሠራር፣ ፖሊመሩን ከሚያስገኙት ሁለት ነገሮች አንደኛው በዘይቱ ነጠብጣብ ውስጥ አስቀድሞ ይሟሟል፤ ሁለተኛው ከውጭ በውሃው ውስጥ ይጨመራል። ሁለቱ የሚገናኙት ዘይቱና ውሃው በሚዋሰኑበት ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያው ድንበር ላይ ቅርፊት ይሠራሉ። ይህ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ሰው ሌላ ተባይ ገዳይ ንጥረ ነገር በተመሳሳይ ቅርፊት ከቶ «ፈጠርሁ» ቢል፣ መርማሪው ይህን ሰነድ አውጥቶ ያሳየዋል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1981 ለሞንሳንቶ ኩባንያ የተሰጠው ቁጥር 4,280,833 ነው። የተነሣበት ችግር ለነጋዴ በቀላሉ የሚገባ ነው። በቀደመው አሠራር መድኃኒቱ በውሃው ውስጥ ሲበዛ እንክብሎቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ፈሳሹ ይረጋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን አሳንሶ ውሃውን ማብዛት ግድ ይሆናል። ይህም ማለት ነጋዴው በመርከብና በመኪና የሚያጓጉዘው፣ ኪራይም የሚከፍልበት ከፍ ያለው ክፍል ውሃ ነው ማለት ነው። የሞንሳንቶ ሠራተኞች የሊግኒን ሰልፎኔት ጨውን አዋሃጅ አድርገው በአንድ ሊትር ውስጥ 480 ግራምና ከዚያም በላይ መድኃኒት የያዘ፣ በፖሊዩሪያ ቅርፊት የተሸፈነ ፈሳሽ ለማዘጋጀት ቻሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሊግኒን ሰልፎኔት ከእንጨት ወረቀት ሲሠራ የሚተርፍ፣ በርካሽ የሚገኝ፣ አስቀድሞም የታወቀ ነገር ነበር። በቅርፊት መሸፈንም የታወቀ ነበር። ፓተንቱ የተሰጠው ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው ሳይሆን፣ ሌሎቹ አዋሃጆች ያልቻሉትን ይህኛው በዚያ ከፍተኛ መጠን ስለ ቻለ ነው። የመብቱም ወሰን በዚያው ልክ የተቈረጠ ነበር፤ በፓተንቱ ሰነድ መጨረሻ በቁጥር ተለይተው የተዘረዘሩት አንቀጾች አዋሃጁንና የመድኃኒቱን መጠን ጠቅሰው ይወስናሉ። ስለዚህ «ሞንሳንቶ በእንክብል ላይ ፓተንት አለው» ብሎ በደፈናው መናገር ትክክል አልነበረም። የዚህ ፓተንት ዘመን ካለፈ ብዙ ዓመት ስለ ሆነ አሠራሩ ዛሬ የማንም ነው።

ገበያ ያገኘ ዕቃ ሁሉ ፈጠራ አይደለም

የተቃራኒው ምሳሌ የሚገኘው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 21 ቀን 1966 በካልማርና በኩክ ኬሚካል ኩባንያዎች ክርክር ላይ በሰጠው ፍርድ ነው። ክርክሩ በመድኃኒቱ ሳይሆን በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቱ የተጠቀመበት ሚዛን ለውህዱም የሚያገለግል ነው።

በዚያን ጊዜ የተባይ ማጥፊያ በጠርሙስ ሲሸጥ መርጫው ለብቻው ይቀርብ ነበር፤ ገዢው የጠርሙሱን ክዳን ፈትቶ መርጫውን ራሱ ይገጥመዋል። ፋብሪካው መርጫውን አስቀድሞ ገጥሞ ቢልከው ደግሞ መድኃኒቱ በጉዞ ላይ እየሾለከ ይፈስሳል። ኩክ ኬሚካል ስኮጊን በተባለ ሰው ስም የወጣ ፓተንት ያዘ፤ በፓተንቱ መሠረት መርጫው በፋብሪካ ተገጥሞ በላዩ በሚጠብቅ ክዳን ወደ ታች ተጫፍኖ ሳያፈስስ ይጓጓዛል። ዕቃው በገበያ ተፈላጊ ሆነ። ካልማርም ራሱ ችግሩን ለመፍታት ሞክሮ ያልሆነለት ሲሆን፣ የኩክን ዕቃ ካየ በኋላ የራሱን አወጣ።

የበታች ፍርድ ቤቶች ለኩክ ፈረዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዳኛው በቶም ክላርክ ጸሐፊነት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚያደርገው የክዳኑ አገጣጠም በሌላ የጠርሙስ መክደኛ ፓተንት ላይ አስቀድሞ ተገልጦ ስለ ተገኘ፣ በቀደሙትና በዚህኛው መካከል የቀረው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነበር። የገበያ መሳካት፣ ችግሩ ለብዙ ጊዜ መፍትሔ ማጣቱ፣ የሌሎችም ሞክረው መውደቅ ሚዛን ላይ የሚገቡ ነገሮች መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ ተቀብሎአል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ሚዛኑን ሊደፉት አልቻሉም። መጀመሪያ የሚመረመሩት ሦስት ናቸው አለ፤ ቀድሞ የነበረው ዕውቀት ምን ያህል ነው፣ አዲሱ ከእርሱ በምን ይለያል፣ በሙያው ያለ ሰው የዕውቀት ደረጃስ ምንድን ነው? ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ኬ ኤስ አር በተባለው ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ይህንኑ መመሪያ አጽንቶ፣ የታወቁ ነገሮች በታወቀ መንገድ ተጣምረው የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ቢሰጡ ፓተንት የማይገባቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጾአል።

ከልክ በላይ የሰፋ ጥያቄ

በአውሮፓ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 አግሬቮ በተባለው ኩባንያ ማመልከቻ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ማመልከቻው ትሪያዞል ከተባለ ወገን የሆኑ በጣም ብዙ ኬሚካሎችን አረም ያጠፋሉ በማለት በአንድነት የሚጠቀልል ነበር። ጉባኤው ፈጠራ የተባለው ነገር በተጠየቀው ስፋት ልክ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑ ሊታመን ይገባል በማለት ማመልከቻውን ሳይቀበል ቀረ። ይህ መመሪያ ለፖሊመር ውህድም ይሠራል፤ በአንድ ፖሊመርና በአንድ መድኃኒት ላይ ፈተና አድርጎ «ማናቸውም ፖሊመር ከማናቸውም ፀረ ተባይ ጋር» ብሎ መብት የሚጠይቅ ሰው፣ ከዘራው እርሻ ይልቅ ብዙ እጥፍ መሬት በስሜ ይመዝገብ እንዳለ ይቈጠራል።

ስለዚህ የአመልካች ኃይሉ ያለው በፈተናው ላይ ነው። ፈተናውም ከደካማው ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ ከሚቀርበው ቀደምት ሥራ ጋር ጎን ለጎን መደረግ አለበት። ሁለቱ ፈሳሾች ከመድኃኒቱ ዓይነት፣ ከመጠኑና ከቆዩበት ጊዜ አንጻር እኩል ሆነው፣ አንዱ በሙቀት ሲለያይ ሌላው ሳይለያይ ከቀረ ልዩነቱ የመጣው ከፖሊመሩ መሆኑ ይታወቃል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተለዋውጦ ከሆነ ግን ፈተናው ምንም አያስረዳም።

ፓተንት የደኅንነት ምስክር አይደለም

ነጋዴዎቻችን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ፓተንት ሥራው አዲስና ብልሃት ያለበት መሆኑን ይመሰክር እንደ ሆነ እንጂ ጉዳት የሌለበት መሆኑን አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሜቲል ፓራታዮን የተባለው ብርቱ መርዝ በፖሊመር እንክብል ተዘጋጅቶ በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ቅርፊቱ መድኃኒቱን ለሚረጨው ሰው የሚደርሰውን አደጋ አቃለለ፤ ነገር ግን እንክብሎቹ በመጠናቸው የአበባ ዱቄት ስለሚያህሉ ንቦች ከአበባው ዱቄት ጋር ሰብስበው ወደ ቀፎአቸው አስገቡአቸው፤ መርዙም በቀፎው ውስጥ ቀስ በቀስ እየወጣ ንቦቹን ጨረሰ። ማርና ሰም በሚነገድበት አገር ይህ ታሪክ ሊረሳ አይገባውም።

በአገራችን

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከላይ የተገለጹትን ሦስቱን ሁኔታዎች ደንግጎአል። አዲስነትም የሚመዘነው በአገር ውስጥ ብቻ በታወቀው ሳይሆን በየትኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በአገልግሎት ለሕዝብ ከተገለጠው ጋር እንደ ሆነ አስታውቆአል። አዋጁ ለፓተንት የወሰነው ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራም 5 ዓመት የሚጸናና ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ መብት ሰጥቶአል። ይኸው አዋጅ ፓተንት ለባለቤቱ በዕቃው ላይ የብቻ አስመጪነት መብት እንደማይሰጠው የሚገልጽ ድንጋጌም አለው። ይሁን እንጂ አንድ አንቀጽ ለብቻው ተነጥሎ አይነበብምና፣ ነጋዴው ውል ከመፈራረሙ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ከነማሻሻያው ከሕግ ዐዋቂ ጋር ሊመለከት ይገባዋል።

ከዚህም ጋር ፓተንትና ምዝገባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አይዘነጋ። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። የፓተንቱ ዘመን ማለፉ ምዝገባውን አያስቀርም፤ ፓተንት መኖሩም ምዝገባውን አይተካም።

በመጨረሻ፣ «በፓተንት የተጠበቀ» የሚል ቃል የደረሰው ነጋዴ ላኪውን አራት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የፓተንቱ ቁጥርና የተሰጠበት አገር። የአንድ አገር ፓተንት የሚሠራው በሰጠው አገር ወሰን ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ የተሰጠ መብት በራሱ ኃይል በአዲስ አበባ አይሠራም። ዕቃውን ወደ ሌላ አገር የሚልክ ሰው ግን የዚያን አገር መዝገብ ማየት አለበት።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው የገባበት ቀንና መብቱ የሚያበቃበት ዘመን። የንጥረ ነገሩ ፓተንት ካለፈ በኋላ የውህዱ ፓተንት ጸንቶ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያን ጊዜም ያው ንጥረ ነገር በቀድሞው አሠራር ተዘጋጅቶ ከሌላ ፋብሪካ ሊገዛ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመብቱ ወሰን። የትኛው ፖሊመር፣ የትኛው አዋሃጅ፣ በምን መጠን እንደ ሆነ በአንቀጾቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አራተኛ፣ ከቀድሞው ዕቃ የሚበልጥበት የፈተና ውጤት። በመጋዘን ሙቀት ስንት ወር ሳይለያይ ይቆያል? በአንድ ሊትር ውስጥስ ስንት ግራም መድኃኒት አለ?

እውነተኛ ፈጠራ ያለው ላኪ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ የደከመበትን ነገር ለማሳየት ምቹ ጊዜ ያገኛልና። መልሱን የሚያድበሰብሰው ግን የሚያስከፍለው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ስሙ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለፈጣሪ የሚገባውን ዋጋ መክፈል የደኅና ነጋዴ ጠባይ ነው፤ የሁሉ ለሆነው ዕውቀት ለአንድ ሰው ግብር መክፈል ግን በመጨረሻ በገበሬው ዋጋ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።